የሐጅ ክትባትና የሰዎች ሐቅ

ወደ ሐጅ ወይም ወደ ዑምራ የሚጓዝ ሰው ፓስፖርቱን፣ ስንቁንና ኢሕራሙን ካሰናዳ በኋላ አንድ ነገር ይቀረዋል። እርሱም የማጅራት ገትር ክትባት ወስዶ የክትባት ካርድ መያዝ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ከቪዛው ጣጣ እንደ አንዱ እንቆጥረዋለን። «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ወረቀቱ ብቻ ይበቃኛል» የሚልም አይጠፋም። ለመሆኑ ያቺ ካርድ ለምን ተፈለገች? የዚህን መልስ የተረዳ ሰው ዛሬ ዓለም አቀፍ የሕዝብ ጤና የሚባለው ነገር ምን እንደሆነም ተረዳ ማለት ነው።

ሐኪም የታመመውን ሰው ያክማል። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ግን በሽታው ገና ወደ ሰዉ ሳይደርስ ውኃውን በማጽዳት፣ በመከተብና ወረርሽኝን ቶሎ በማሳወቅ ይከላከላል። በሽታ ድንበር ስለማያግደው ይህን ሥራ አንድ አገር ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ዓለም አቀፍ ያሰኘውም ይኸው ነው።

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰቡት እ.ኤ.አ. በ1851 በፓሪስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት ኮሌራ ገብቶ ወደ 15,000 የሚገመቱ ሑጃጆች ሞቱ። በሽታው ከተመላሾቹ ጋር በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ወደቦች ተሻገረ። በተከታዩ ዓመት መንግሥታት በኢስታንቡል ተሰብስበው በዚሁ ላይ መከሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የተቋቋመው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ላይ «ኤ» በተባለው ዓይነት ጀርም የሚመጣ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሣ። ያው የጀርም ዝርያ በ1988 በሱዳንና በቻድ፣ ቀጥሎም በአገራችን በኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ ጎዳ። የሳዑዲ መንግሥት ክትባቱን ግዴታ ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው። በ2000 እና በ2001 ደግሞ «ደብልዩ» የተባለው ዓይነት ተነሣ፤ በ2000 ብቻ በሑጃጆችና በቅርብ ሰዎቻቸው ላይ ከ400 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ስለዚህ ከ2002 ጀምሮ አራቱን ዓይነት ጀርሞች የሚከላከል ክትባት ተጠየቀ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ጀርም ምንም ሕመም በማይሰማው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ያ ሰው በሚና ድንኳን ሲያስል፣ አገሩ ተመልሶም ልጆቹን ሲስም ሳያውቅ ለሌላው ያስተላልፋል። «ጤነኛ ነኝ» ማለት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ትብብር ምን ሊሠራ እንደሚችልም አይተናል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» የሚኖረው ሕዝብ ደሀ ስለሆነ ብቻ ለረጅም ጊዜ የሚሆነውን ክትባት የሚሠራለት አላገኘም ነበር። በኋላ ግን ሕንድ ውስጥ ዋጋው ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች የሆነ ክትባት ተመረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻም በቡርኪና ፋሶ መሰጠት ተጀመረ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በቀበቶው አገሮች ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከተቡ። ከ2017 ወዲህ በዚያ ቀበቶ «ኤ» ዓይነቱ የተረጋገጠበት ሕመምተኛ አልታየም። ይሁን እንጂ ይህ ክትባት አንዱን ዓይነት ብቻ ስለሚከላከል፣ ይህን የወሰደ ሰው ለሐጅ የሚጠየቀውን ወሰደ ማለት አይደለም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት ከሳዑዲ ጉዞ ጋር በተያያዘ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ 12 ሰዎች በዚህ በሽታ ታመሙ። ሁለቱ ራሳቸው አልተጓዙም፤ ከተጓዦች ጋር የቅርብ ንክኪ የነበራቸው ናቸው። መከተብ አለመከተባቸው ከታወቀው 9 ሰዎች መካከል አንድም የተከተበ አልነበረም።

«በአላህ ተወክያለሁ፤ የመጣው ይምጣ» የሚል ወንድም ወይም እህት ካለ የኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስታውስ። ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሶሓቦችን አማክረውም ተመለሱ። ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ሲባሉ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መለሱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም በሽሽት እንዳይወጣ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው።

እንግዲህ ተጓዦች ሆይ! ክትባቱን ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ውሰዱ። ስትመለሱም ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ከታየባችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ። ሳይከተብ ካርድ የያዘ ሰው የአየር ማረፊያውን ሠራተኛ ሊያታልል ይችል ይሆናል። ጀርሙን ግን አያታልልም፤ አጠገቡ የሰገደው ወንድሙና ቤቱ የሚጠብቁት ልጆቹም ሐቅ አለባቸው። ወላሁ አዕለም።