ማርበሪ ቤጂንግን ቤቱ ሲያደርግ

እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ስቴፎን ማርበሪ ወደ ቻይና ሲያቀና ብዙዎች ያበቃለት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው ብለው ነበር። የኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ልጅ ነው። በ1996 የኤንቢኤ ምልመላ 4ኛ ሆኖ ተመርጧል፣ ሁለት ጊዜ የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰልፏል፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይም ተከፍሎታል። ይሁንና በገዛ ከተማው ቡድን በኒክስ ከአሰልጣኞቹ ጋር ሲጋጭ ከርሞ በ2009 ተለያዩ። ከቦስተን ጋር የቆየውም ጥቂት ወር ብቻ ነው። በ2007 መጨረሻ አባቱ ሞተውበት ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ እንደነበረ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል።

ቻይና ውስጥ መጀመሪያ የተቀበለው የድንጋይ ከሰል በብዛት ከሚወጣበት የሻንዢ ክፍለ ሀገር ቡድን ነው።

በቻይና ሊግ ለአንድ ቡድን የሚፈቀዱት የውጭ ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው። ብዙ ስለሚከፈላቸው በየጨዋታው ብዙ ነጥብ ይጠበቅባቸዋል፤ ካልሆነላቸው ቶሎ ይሰናበታሉ። የተሳካላቸውም ቢሆኑ ውድድሩ እንዳለቀ ሻንጣቸውን ይዘው አገራቸው ይገባሉ። ማርበሪ በዚያው ዓመት የሊጉ የኮከቦች ጨዋታ ኮከብ ቢባልም ከሻንዢ ጋር አልዘለቀም፤ በደቡብ ባለችው ፎሻን አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ክለብ መቀየር ለብዙ ሰው ጓዝ ጠቅልሎ ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው። እሱ ግን በ2011 ለቤጂንግ ዳክስ ፈረመ።

ዳክስ የሊጉን ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም ነበር። በ2012 የፍጻሜ ተጋጣሚው ጓንግዶንግ ደግሞ ሰባት ዋንጫ ያለው፣ አራቱን በተከታታይ የወሰደ ቡድን ነው። ቤጂንግ 4 ለ 1 አሸነፈ፤ በመጨረሻው ጨዋታ ማርበሪ ብቻውን 41 ነጥብ አስቆጠረ። የኮከብነቱ ሽልማት በጊዜው ለውጭ ዜጋ ስለማይሰጥ ለቡድን ጓደኛው ሆነ። ከተማዋ ግን በዚያው ዓመት በስታዲየሙ ደጃፍ የማርበሪን ሐውልት አቆመችለት። ዋንጫው በ2014 እና በ2015 ተደገመ፤ በ2015ቱ የፍጻሜው ኮከብ ራሱ ማርበሪ ነበር።

ይህን ሁሉ በችሎታው ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ችሎታውማ ኒውዮርክ ሳለም ነበረው። ቤጂንግ ላይ የተለወጠው አኗኗሩ ነው፦ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ልምምድ ይሄድ ነበር፣ ከደጋፊው ጋር በየመንገዱ ይገናኝ ነበር፣ ውድድር ሲያልቅም ከተማዋን እንደ ማረፊያ ጣቢያ ትቷት አይሄድም ነበር። በአንድ ክለብ ስድስት የውድድር ዘመን መቆየት በውጭ ተጫዋቾች ዘንድ ብርቅ ነው። ቤጂንግ የክብር ዜግነት፣ ቻይና ደግሞ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሰጥተውታል።

በ2018 ከተጫዋችነት የተሰናበተውም እዚያው ቤጂንግ፣ በሌላ የከተማዋ ክለብ ማሊያ ነው። በ2019 የዚያ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።