አያዎን መመርመር፦ ረጅሙ ሲቆም

«አያዎ» በአንድ ጊዜ «አይ» እና «አዎ» የተባለበት የሚመስል አባባል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ ሐሰት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ከበስተኋላው ያልተነገረ ግምት እንዳለ መርምሩ።

«በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ረጅም ሕንፃ ከአጭሩ ቀድሞ ይወድቃል» ሲባል እውነት ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ከተማ በተናወጠች ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። አብዛኞቹ ዝቅተኛ ቤቶች ግን አልወደቁም፤ ባለ 44 ፎቁ የላቲኖአሜሪካና ሕንፃም ቆሞ ቀረ። ረጅሙም አጭሩም ሲተርፉ መካከለኛው ስለ ምን ወደቀ?

መልሱን በመተማ ቆላ ማሳ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ረጅም የማሽላ አገዳና አንድ አጠር ያለ የሰሊጥ አገዳ ከሥራቸው ያዙ። (ሰሊጡ የተራገፈ ይሁን፤ አለዚያ ባለ ማሳው ይቈጣል።) እጃችሁን በዝግታ ብታወዛውዙ የማሽላው ራስ በሰፊው ይወዛወዛል፤ ሰሊጡ ከእጃችሁ ጋር ከመሄድ በቀር እምብዛም አይናጥም። በፍጥነት ብታንቀጠቅጡ ግን ሰሊጡ ይርገፈገፋል፤ የማሽላው ራስ ባለበት ይቀራል ማለት ይቻላል።

ሕንፃም እንዲሁ የራሱ የውዝዋዜ ጊዜ አለው፤ በግርድፉ ለእያንዳንዱ ፎቅ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይታሰባል። ሜክሲኮ ያረፈችበት የጥንት ሐይቅ ጭቃ በየ2 ሰከንዱ ያህል ይመላለስ ነበር። መካከለኞቹ ሕንፃዎች እየተሰነጣጠቁ በላሉ ቍጥር ውዝዋዜያቸው ከመሬቱ ጋር ገጠመ፤ እያንዳንዱ ግፊት በፊተኛው ላይ ተደረበ። ረጅሙ ከመሬቱ የዘገየ፣ አጫጭሮቹም የፈጠኑ ስለ ነበሩ ተረፉ።

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲናወጥ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ የነበሩ ሰዎች መወዛወዙን የተረዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፈጣኑ ንዝረት በመንገድ ይደክማል፣ ዝግተኛው ሩቅ ይደርሳል። ይሁን እንጂ መወዛወዝና መፍረስ አንድ አይደሉም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴ ከተማ ስትፈርስ፣ የወደቁት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች አልነበሩም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የጎደለው «መሬቱ እንዲህ ከተወዛወዘ» የሚለው የሁኔታ ሐረግ ነው።

መልመጃ፦ «የመተማ የሣር ጎጆ ደካማ ስለ ሆነ ከድንጋይ ቤት ቀድሞ ይወድቃል።» በዚህ አባባል የተደበቀውን ግምት አውጡ፤ «ይሁን እንጂ» እና «ምክንያቱም» በሚሉት ቃላት እየተጠቀማችሁ በአንድ አንቀጽ መርምሩት።