የመኪናችሁን ውስጥ ቀለም ልታስቀቡ፣ ወንበሩን በባለቀለም ክር ልታሰፉ ነው? ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ዶክተር፣ የመኪናዬን ዳሽቦርድና የበር ፕላስቲኮች ቀለም አስቀባሁ፤ ወንበሩንም በቀይ ክር አሰፋሁት። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስገባ ራሴን ያመኛል፣ ልጄም ያስላታል። ከቀለሙ ይሆን?» መልሱ ትንሽ ዘርዘር ማለት ስለሚፈልግ እዚሁ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን መኪና ማሳመር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የደበዘዘ ግራጫ ፕላስቲክ እያዩ መንዳት ይሰለቻል፤ ጥቁር ወንበር ላይ ቀይ ስፌት ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። ጉዳዩ ሥራው የት፣ በምንና እንዴት ተሠራ የሚለው ነው።

ራስ ምታቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ቲነሩና ማጣበቂያው ነው። ቲነር ውስጥ ቶሉይን፣ ዛይሊን የሚባሉ ቶሎ የሚተኑ ፈሳሾች አሉ። ቆዳውን ከስፖንጁ ጋር የሚያጣብቁበት ማስቲሽም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አዎ፣ ያው ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች ሲስቡት የምናየው ማስቲሽ። ትነቱ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሳል ላለበት ወይም አስም ላለበት ልጅ ደግሞ መነሻ ይሆናል። መኪና ትንሽ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሙቀቱ ትነቱን ያበዛዋል። በተለይ ፕላስቲኮቹ ሳይፈቱ እዚያው መኪናው ውስጥ ከተረጩ የወንበሩ ስፖንጅና ምንጣፉ ሽታውን ይመጥጡና ለቀናት ይተፉታል።

ስለዚህ ባለሙያውን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን፦ «ፈተህ አውጥተህ ነው የምትቀባው?» ካልሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ። ተሠርቶ ሲመጣም በዚያው ቀን ቤተሰብ ጭናችሁ ለረጅም መንገድ አትነሡ። የተወሰኑ ቀናት በሮቹንና መስኮቶቹን ከፍታችሁ አናፍሱት። ስትነዱም ኤሲውን የውስጥ አየር እያዞረ ሳይሆን ከውጭ እየሳበ እንዲሠራ አድርጉት። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ሽታው እስኪጠፋ ባይገቡበት ይመረጣል። (በቴሌግራም የሚዞረው «የዳሽቦርድ ሽታ ካንሰር ነው» የሚል መልእክት ግን የተጋነነ ነው፤ እሱን አንብባችሁ እንቅልፍ አትጡ።)

አሁን ወደሚያሳስበኝ ሰው ልምጣ። እሱ የመኪናው ባለቤት ሳይሆን ቀለም ቀቢው ነው።

እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ፕላስቲክ ከቀለሙ በላይ ክሊር ተረጭቶበታል። ጠንካራው ክሊር ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ አንደኛው ሃርድነር ይባላል። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል በዓለም ላይ ከሥራ ጋር ለተያያዘ አስም ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን የመኪና ቀለም ረጪዎች ደግሞ ከፊት ተሰላፊ ተጠቂዎች ናቸው። ነገሩን ተንኮለኛ የሚያደርገው ለወራት፣ ለዓመታትም ምንም ሳያደርጋቸው መቆየቱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሰውነት ይቆጣል። አንዴ ከተቆጣ በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ደረት ያፍናል። በቆዳ በኩልም ይገባል፤ ስለዚህ በባዶ እጅ መበጥበጥም ያው ነው።

ምልክቱን ብዙዎች ጉንፋን ወይም ብርድ እያሉ ያልፉታል። ቀን ሲረጭ ውሎ ማታ አልጋ ላይ ያስለዋል፣ ደረቱ ያፏጫል። በበዓል ሰሞን፣ እረፍት ሲወጣ ይሻለዋል፤ ሥራ ሲመለስ ይነሣበታል። አስም ታማሚ ሲመጣ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ይሄን ታሪክ የሚናገር ሰው እንደ ተራ አስም ስፕሬይ ይዞ ብቻ መሄድ የለበትም፤ ከርጭቱ መራቅ አለበት። ቶሎ የራቀ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው፣ የቆየ ግን ሥራውን ከተወ በኋላም አስሙ ሊቀጥል ይችላል።

በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ሰማያዊ ማስክ እዚህ ምንም አይሠራም፤ ጨርቅ በአፍ ላይ መጠምጠምም እንዲሁ። የቲነርን ትነት ለመያዝ ፊት ላይ ልክክ የሚል፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ባለ ሃርድነር ክሊር ለሚረጭ ሰው ደግሞ ትክክለኛው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ማስክ ነው። ኬሚካሉ ሽታው ስለማያስጠነቅቅ «አይሸተኝም፣ ደህና ነኝ» ማለት አይቻልም። ጓንትና መነጽርም አይርሳ። ብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ውሃ እያስነካ ቢሆን ብናኙ ይቀንሳል። አጠገቡ ቆሞ ዕቃ የሚያቀብለው ረዳት ልጅስ? ብዙ ጊዜ ምንም ያላደረገው እሱ ነው።

ለባለመኪናው ግን አንድ ጥሩ ዜና አለ፦ በደንብ የደረቀ ክሊር ይህን አስም አያመጣም። ከሁሉም ቀላሉ ግን፣ የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ፕላስቲኩን ስቲከር ማልበስ ነው። ርጭት የለም፣ ሲሰለቻችሁም ይላጣል።

ወደ ስፌቱ እንምጣ። እዚህ ጋ የሚያሰጋኝ ሽታው ሳይሆን ኤርባጉ ነው።

ብዙ መኪኖች ላይ የጎን ኤርባግ ያለው የፊት ወንበሩ መደገፊያ ውስጥ፣ በበሩ በኩል ነው። ጎኑ ላይ «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ተሰፍቶ ታገኛላችሁ። መኪናው ከጎን ሲመታ፣ ዓይን ጨፍኖ ከመክፈት በፈጠነ ጊዜ የወንበሩን ስፌት ቀድዶ ይወጣና በበሩና በጎድን አጥንታችሁ መሀል ይገባል። ሳንባን፣ ጉበትን፣ ጣፊያን የሚያተርፈው ይህ ነው። የፋብሪካው ስፌት እዚያ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ እንዲበጠስ ተደርጎ የተሰፋ ነው። እኛ ደግሞ «አጠንክረህ ስፋልኝ» እንላለን! ሰፊውም በወፍራም ናይለን ክር ደርቦ ይሰፋዋል። ሥራው ጥሩ፣ ስፌቱ ቆንጆ፣ ኤርባጉ ግን ዘግይቶ ወይም በተሳሳተ አቅጣጫ ሊወጣ ይችላል። ጎኑን እስከ መጨረሻው የሚሸፍን የወንበር ልብስም ያው ችግር አለበት።

ስለዚህ ያ ጽሑፍ ካለ ያንን የጎን ስፌት እንዳይነኩት ንገሯቸው። ቀዩን ክር መሀሉ ላይ፣ ራስ መደገፊያው ላይ፣ የበሩ ቆዳ ላይ ይጣሉት፤ ያው ያምራል። መሪውንም ዙሪያውን በቆዳና በክር ማሰፋት ይቻላል፣ መሀሉን ግን፣ ክላክሱ ያለበትን ክዳን፣ አትቀቡት፣ ምንም ነገርም አትለጥፉበት። ኤርባግ ሲፈነዳ እዚያ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመጣው። ወንበርም ሆነ መሪ ከመፈታቱ በፊት ባትሪው ይነቀልና ይጠበቃል፤ ቶዮታ ለምሳሌ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፣ ምክንያቱም ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ኤርባጉን የሚያስነሣ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ተጠራቅሞ ይቆያል።

ዳሽቦርዱን በላይ በኩል ነጭ ወይም የሚያብለጨልጭ አታድርጉት። ፀሐይ ሲያርፍበት በፊት መስታወቱ ላይ ይንጸባረቅና እግረኛውን ይጋርድባችኋል፤ የዓይን ሞራ የጀመራቸው አባትና እናቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ላይኛው ደብዛዛ ጥቁር ይሁን፣ ጌጡ ታች ይውረድ።

ለጠያቂያችን፦ መኪናውን ለጥቂት ቀናት አናፍሱት፣ ልጅቷንም እስከዚያው አታስገቧት። ከመኪናው ርቃም ሳሉ ካልተዋት፣ ደረቷ ካፏጨ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሣት ሐኪም ይያት። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሀል ወደ ውስጥ ከተጎደጎደ፣ መናገር ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ስትሄዱ የቀለሙንና የማጣበቂያውን ጣሳ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ምን እንደተረጨ ማወቅ ይፈልጋል።