ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ

በገላጭ ድርሰት ውስጥ አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ስታስረዱ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር የሚያገናኙ ቃላት ያስፈልጓችኋል። «ስለ»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» የሚሉት ለዚሁ ያገለግላሉ። «ቢ…ም» እና «ነገር ግን» ደግሞ ይጠበቅ የነበረው ውጤት አለመድረሱን ያመለክታሉ። አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ጸሐፊ በሰዋስው ላይስት ይችላል፤ እውነቱን ግን ያዛባል። ይህን ለመረዳት የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ቪዲዮ የስልክን ባትሪ ለምን ይጨርሳል?

በስልክ ላይ የምታዩት ቪዲዮ በእርግጥ የሚንቀሳቀስ ምስል አይደለም፤ በየሴኮንዱ 24 ወይም 30 የቆሙ ምስሎች ተከታትለው ስለሚያልፉ ዐይን እንቅስቃሴ ይመስለዋል። ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ አንድ ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። በሴኮንድ 30 ምስል ቢያልፍ ከ62 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች ይሆናሉ። ይህን ሁሉ እንዳለ መላክ አዳጋች ስለሆነ ቪዲዮው ታምቆ ይላካል። ይኸውም አብዛኛው ምስል በሙሉ አይጻፍም፤ ከሌላው ምስል የተለየው ብቻ ይመዘገባል። መምህርት በሰሌዳ ፊት ቆማ ስታስተምር የሚለወጠው እጇና ፊቷ ነው፤ በመሆኑም ስለ ሰሌዳው «እንደ ቀድሞው» ማለት ይበቃል።

ስልኩ የታመቀውን መልሶ መፍታት አለበት። የቀደመውን ምስል ከማኅደረ ትውስታ ያወጣል፤ የተንቀሳቀሰውን ክፍል ወደ አዲሱ ቦታው ያዛውራል፤ ልዩነቱንም ይደምርበታል። ይህን ሥራ ማናቸውንም ተግባር የሚያከናውነው ዋናው ፕሮሰሰር ሊሠራው ይችላል። በብዙ ስልኮች ግን ለዚህ ብቻ የተሠራ የቺፕ ክፍል አለ፤ «ልዩ ፈቺ» እንበለው። ልዩ ፈቺው ለአንድ ተግባር ብቻ ስለ ተቀረጸ ለተመሳሳይ ቪዲዮ የሚያጠፋው ኃይል እጅግ ያነሰ ነው።

የማመቂያው ስልት በየጊዜው ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤች 264፣ በ2013 ኤች 265፣ በ2018 ኤቪ1 ወጡ። አዲሱ ስልት ፋይሉን ከቀድሞው ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ለመፍታት ብዙ ስሌት ይጠይቃል። የአይፎን ስልኮች ለኤቪ1 ልዩ ፈቺ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው አይፎን 15 ፕሮ ጀምሮ ነው። ልዩ ፈቺ በሌለው ስልክ ላይ ፋይሉ ቢያንስም ባትሪው ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። በእንዲህ ያለው ስልክ ምስሉን ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ነጥቦቹን ወደ 921,600 ስለሚያወርድ የመፍታቱ ሥራ በእጅጉ ይቀልላል።

ማብራሪያ

«ፋይሉ ቢያንስም ባትሪው ቶሎ ሊያልቅ ይችላል» የሚለውን ተመልከቱ። አንድ ተማሪ «ፋይሉ ስላነሰ ባትሪው ቶሎ አለቀ» ብሎ ቢጽፍ ባለቤቱና ግሡ ይስማማሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ሐሰት ነው። ባትሪውን የጨረሰው የፋይሉ ማነስ ሳይሆን የልዩ ፈቺው አለመኖር ነውና። «ፋይሉ ስላነሰ ባትሪው ቆየ» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያታልላል፤ ትንሽ ፋይል ከኔትወርክ ለመቀበል በእርግጥ ያነሰ ኃይል ይበቃዋል፤ የመፍታቱ ወጪ ግን ተዘንግቷል። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በመምህርነቱ ዘመን በድርሰት ደብተሮች ላይ አብዝቶ ያረመው እንዲህ ያለውን ግማሽ እውነት ነው።

«ስለ» ኃላፊ ግሥ ሲከተለው «ስላነሰ»፣ ትንቢት ግሥ ሲከተለው «ስለሚያንስ» ይሆናል። የመጀመሪያው ለተፈጸመ፣ ሁለተኛው ለተለመደ ወይም ለሚመጣ ነገር ነው። በ«ቢያንስም» መጨረሻ ያለችውን «ም» አትርሱ፤ ብትቀር «ቢያንስ አንድ ጊዜ» ከሚባለው ጋር ትምታታለች።

መልመጃ

ሀ. በቅንፍ ያለውን ግሥ በ«ስለ» ወይም በ«ቢ…ም» አስተካክላችሁ ጻፉ።
1. ስልኩ ልዩ ፈቺ (የለውም) ዋናው ፕሮሰሰር ጋለ።
2. ዋናው ፕሮሰሰር ፈጣን (ነው) የልዩ ፈቺውን ያህል ቆጣቢ አይደለም።
3. በኦሌድ ስክሪን ላይ ጥቁር ነጥብ ብርሃን (አያወጣም) ጨለማ የሚበዛበት ቪዲዮ ከብሩሁ ያነሰ ኃይል ይወስዳል።

ለ. መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት ተማሪ የአንድ ሰዓት ትምህርት በስልኳ ለመከታተል ትፈልጋለች፤ ባትሪዋ ግን ሊያልቅ ተቃርቧል። ምን ብታደርግ እንደሚሻል ምክንያቱን እየገለጻችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።