በአንድ ሳምንት ስንት ፓርክ?

ጥያቄ፦ ዴንቨር የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ሦስት ልጆቻችንን ይዘን በሐምሌ ለአንድ ሳምንት በአርቪ (አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና) ልንጓዝ አስበናል። የሎውስቶንን፣ ግላሲየርንና ማውንት ረሽሞርን ማዳረስ እንችላለን?

መልስ፦ ግላሲየርንና ረሽሞርን ለሌላ ዓመት አቆዩና ሳምንቱን ለየሎውስቶን ስጡ፤ ግራንድ ቲተን ከደቡብ ስትገቡ መንገዳችሁ ላይ ነው። እንዲህ ያለ እቅድ የሚበላሸው ርቀቱን በማይል ብቻ ለክቶ ሰዓቱን በመርሳት ነው። ከዴንቨር የሎውስቶን ከ500 ማይል በላይ ይርቃል። ለትንሽ መኪና የአንድ ቀን መንገድ ቢሆንም፣ ልጆች ይዞ በዋዮሚንግ ንፋስ ቁመታም አርቪ ለሚነዳ ሰው ሁለት ቀን ነው። መልሱ ሲጨመር አራት ቀን መንገድ ላይ ያልቃል፤ የሚተርፋችሁ ሦስት ነው። ፓርኩ ውስጥም ዋናው ዙሪያ መንገድ 142 ማይል ሲሆን የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 45 ማይል ነው፤ የጎሽ መንጋ መንገዱን ሲዘጋ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

«በየቀኑ ኪራይ እየከፈልን አንድ ቦታ እንቀመጥ?» ትሉ ይሆናል። ሂሳቡ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ትልቅ አርቪ በአንድ ጋሎን ብዙ ጊዜ ከ10 ማይል አያልፍም፤ ብዙ አከራዮችም ከተወሰነው ማይል በላይ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ከሁሉ በላይ፣ መኪናው ሲሄድ ልጆቹ ቀበቶ አስረው መቀመጥ አለባቸው፤ የከፈላችሁበት አልጋና ማብሰያ በደንብ የሚያገለግለው ሲቆም ነው።

የሎውስቶን ውስጥ ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር የተሟላለት የአርቪ ማደሪያ ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው፤ ለሐምሌ ከወራት በፊት ይያዛል። መኪናውን ከመከራየታችሁ በፊት ማደሪያውን ያዙ።