ሰንጋ ለምትጭነው ልጄ

ከያቤሎ ሰንጋ እየጫንክ አዲስ አበባ ቄራ ልታቀርብ መነሳትህን ሰማሁ። ይቅናህ። የዋጋውን ነገር ደላሎቹ ያስተምሩሃል፤ እኔ የምነግርህ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዘው ከብት ነው።

1. የሚያነክስ ወይም የታመመ ከብት አትጫን። በርካሽ ሰጡኝ ብለህም አትጓጓ።

2. ሲጫን ራስህ ቁም። ብዙ ጉዳት መኪናው ገና ሳይነሳ ይደርሳል። መኪናው አፈር ቁልል ተጠግቶ ሲጫን፣ በቁልሉና በወለሉ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ከቀረ እግር ይገባበትና ይሰበራል። ጣውላ አልብሰው። ደግሞም ከብት ፊቱ ጨለማ ሲሆንበት፣ ወይም ስፖንዳው ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ ሲወዛወዝ ሲያይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚጭኑት ልጆች «እልኸኛ ነው» ብለው ጅራቱን ይጠመዝዙታል። ፈርቶ እኮ ነው! ጅራት የጀርባ አጥንቱ ጫፍ ነው፤ ሲጠመዘዝ ይወልቃል፣ ይሰበራል። ጨርቁን አንሱለት፤ ጩኸቱንም ተዉት። ከትከሻው ኋላ በኩል ቀስ ብለህ ጠጋ ስትለው ራሱ ወደፊት ይራመዳል። ገራሙን አስቀድም፣ የቀሩት ይከተሉታል።

3. ባዶ ብረት ላይ አትጫን፤ ሽንትና እበት ሲቀላቀልበት ያንሸራትታል። አሸዋ አፍስስ፣ በላዩ ጭድ።

4. «አንድ ጨምር፣ ቦታ አለ» የሚልህን ረዳት አትስማ። ከብት በሚሄድ መኪና ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሩን ከፈት አድርጎ ነው። ከታፈገ ይወድቃል፤ ሲወድቅ የቆሙት ቦታውን ይይዙበታል፣ ይረግጡታል፣ መነሻም ያጣል።

5. ቶሎ ደረሰ ብለህ ሹፌር አትሸልም። ከቡሌ ሆራ ወደ ዲላ ያለውን ጠመዝማዛ በዝግታ ይንዳው። የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ በቀትር አትለፉ፤ ምሳ ለመብላት ስትቆሙም መኪናው ጥላ ይያዝ። የቆመ መኪና ውስጥ ነፋስ የለም።

6. የተንገላታ ሰንጋ በጡንቻው ያለውን ስኳር ይጨርሳል። ስኳሩ ካለቀ ሥጋው ከታረደ በኋላ በቂ አሲድ አያገኝም፤ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ነጋዴዎችን ለማሳመን ይህ ይጠቅምህ ይሆናል። አንተ ግን በዚህ ብቻ አትመን፤ ሥጋው ቀይ ሆኖ ቢወጣም እንስሳው መንገድ ላይ የቻለው ስቃይ አይቀርለትም።

7. ለፋሲካ በግ ጫን ቢሉህ፣ እግሩን አስረህ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አትጣለው። የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ወይም በጀርባው ታስሮ ሲቆይ የሆዱን ጋዝ ማግሳት ያቅተዋል። ሆዱ ይነፋል፣ ሳንባው ይጨነቃል፤ ታፍኖ ሊሞትም ይችላል። ይህን ያህል ዓመት ስናየው ኖረን ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል።

8. ስታወርድ አስቀድመህ ውኃ አቅርብ። ከዚያ ወለሉን እይ፦ ደም ወይም የተሰበረ ቀንድ ካገኘህ፣ ሂሳቡን ከመክፈልህ በፊት ጉዳቱ የት እንደደረሰ ሹፌሩን ጠይቀው።