ከጉዳትና ከዝውውር በኋላ፤ ከኤሌና ዴሌ ዶን ታሪክ የተማርኩት

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የራሴ ጉልበት ነው፡፡ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ በዲፓርትመንቶች የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ላይ ዘልዬ ስወርድ ጉልበቴን ወለም አለኝ፡፡ ወጌሻ ጋ ታሽቼ በሦስተኛው ሳምንት "ድኛለሁ" ብዬ ሜዳ ገባሁ፤ ያው ጉልበት ደግሞ ከዳኝ፡፡ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው፡፡ ከዚያማ ስፖርት ሳይንስ በቃኝ ብዬ የዲፓርትመንት መቀየሪያ ፎርም ሞልቼ በደብተሬ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ፡፡ በዚሁ ሰሞን በስፖርት ሳይኮሎጂ ኮርስ የአንድ አትሌት ታሪክ አጥንተን እንድናቀርብ ታዘዝን፡፡ እኔም አሜሪካዊቷን ኤሌና ዴሌ ዶንን መረጥኩ፡፡

ኤሌና እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ በአገሪቱ ከሚፈለጉት ተጫዋቾች ግንባር ቀደሟ ነበረች፡፡ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ስመ ጥር ወደሆነው ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ነገር ግን ጥቂት ቀናት እንኳ በቅጡ ሳትቆይ ወደ ቤቷ ተመለሰች፡፡ ታላቅ እህቷ ሊዚ ማየትም መስማትም አትችልም፡፡ የምትግባባው በመዳሰስና በማሽተት ስለሆነ በስልክ ልታገኛት አትችልም፡፡ ስለዚህ ኤሌና ለቤቷ ቅርብ ወደሆነው ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች፡፡ በመጀመሪያው ዓመት የተጫወተችው ቮሊቦል ነበር! ወደ ቅርጫት ኳስ የተመለሰችው በ2009 ነው፡፡

ይህም ሆኖ ነገሩ አልቀለላትም፡፡ በመዥገር ንክሻ የሚተላለፈው የላይም በሽታ ያዛት፤ በ2010/11 የውድድር ዘመን ብዙ ጨዋታዎች አመለጧት፡፡ በቀጣዩ ዓመት ግን በአማካይ 28.1 ነጥብ በማስቆጠር ከአገሪቱ አንደኛ ወጣች፡፡ በ2013 ደላዌርን እስከ መጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች አደረሰች፤ የኮሌጅ ቆይታዋንም በ3,039 ነጥብ ደመደመች፡፡ ከዚያ ቺካጎ ስካይ በሁለተኛ ምርጫ ወሰዳት፤ በ2015 የሊጉ ኮከብ ሆነች፡፡ በ2017 ወደ ዋሽንግተን ሚስቲክስ ተዛውራ፣ በ2019 ለሁለተኛ ጊዜ ኮከብ ተብላ የሊጉን ዋንጫ አነሳች፡፡

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ መዛወር በራሱ ሽንፈት አይደለም፡፡ ኤሌና የሸሸችው ነገር ብቻ ሳይሆን የሄደችበትም ነገር ነበራት፤ እሱም እህቷ ናት፡፡ እኔ ግን ፎርሙን ሳየው "ወደ ምን ነው የምሄደው?" ለሚለው መልስ አልነበረኝም፡፡ ከጉልበቴ መሸሽ ብቻ!

ሁለተኛው ትምህርት ብዙ ጊዜ አይነገርም፡፡ በ2019 ፍጻሜ ላይ ኤሌና የተጫወተችው ሦስት የጀርባ ዲስኮቿ ተንሸራተው ነው፡፡ ይህን "ጀግንነት" ብለን እናጨበጭባለን፤ ሒሳቡ ግን ቆይቶ መጣ፡፡ ጀርባዋን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በ2020 ጭራሽ አልተጫወተችም፤ በ2021 የተሰለፈችው በሦስት ጨዋታዎች ብቻ ነው፡፡ በ2025 ጫማዋን ሰቅላለች፡፡ ሕመምን ችሎ መጫወትና ከሕመም መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የገባኝ ያኔ ነው፡፡

አሁን ፊዚዮቴራፒ ጀምሬያለሁ፡፡ የጭን ጡንቻዬን አጠነክራለሁ፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ እለማመዳለሁ፤ ዝላይ ገና ነው፡፡ ፎርሙ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ፡፡ አንድ ቀን ካስገባሁት ወደ ምን እንደምሄድ አውቄ ይሆናል እንጂ ጉልበቴ ስላመመኝ አይሆንም፡፡ እናንተም የተጎዳችሁ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ፡፡